«ዘጠና በመቶ አልቋል»፦ የሶፍትዌር ሥራን ለመጀመሪያ ጊዜ መምራት



በአዲስ አበባ ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረት በኩል ወደ ወሰን የሚመጣ ሰው የእንጦጦን ሰንሰለት በስተግራው እያየ ነው የሚጓዘው። በዚያው ሰንሰለት ላይ፣ ወደ ምዕራብ ገፋ ብሎ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ይገኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሳይቀድ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች እዚያ ተሰብስበው፣ ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል የመጠቀችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት በቀጥታ ሥርጭት ተከታተሉ። ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው ይህች ሳተላይት ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከወጣባት 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ውስጥ 6 ሚሊዮኑን ቻይና ሸፍናለች። በሥራውም ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተሳትፈዋል።

በማግስቱ የተወራው ስለ ሮኬቱና ስለ ሰንደቅ ዓላማው ነው። ሳተላይቷ መጀመሪያ ትመጥቃለች የተባለው ግን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በመስከረም 2019 ነበር። ሦስት ወር ዘገየች። እንዲህ ያለ ሥራ፣ የትኛው ፍተሻ እንደቀረ፣ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ፣ ቀኑ ስንት እንደሚገፋ ቆጥሮ የሚያውቅና ለሚመለከተው የሚናገር ሰው ከሌለ ወደፊት አይሄድም። የዚያ ሰው ስም ግን በዜና አይነሳም። ይህ ዲስኩር ስለዚያ ዓይነት ሰው ነው፤ ያውም ኃላፊነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚረከበው፣ የሳተላይት ሳይሆን የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ስለሚያሠራው፣ አምስት ሰው ይዞ ከወሰን ሕንፃዎች በአንዱ ላይ ቢሮ ስለሚከፍተው ጀማሪ ፕሮጀክት ማናጀር።

ብዙ ጊዜ ይህ ሰው የሚመረጠው ጎበዝ ፕሮግራመር ስለሆነ ነው። አንዲት ወጣት እናስብ። ዓርብ ማታ ኮድ ስትጽፍ አምሽታ ሰኞ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ፕሮጀክቱን አንቺ ትመሪዋለሽ» ተባለች። ሥልጠና የለም፤ የቀድሞ ሥራዋንም የተረከበላት የለም። እስከ ትናንት ድረስ ሥራዋ የሚለካው በገዛ እጇ በጨረሰችው ነበር፤ ከዛሬ በኋላ ግን ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሌላ ሰው እጅ ነው። ይህን ለመቀበል ይከብዳል። አንዱ ባልደረባዋ ሲዘገይ ስታይ «እስቲ አምጣው፣ እኔ ልጨርሰው» ትላለች፤ ታመሻለች፤ ትጨርሰዋለችም። በሳምንቱ ሁለት ሰው ያመጣላታል። በወሩ አምስቱም ሰዎች የእሷን እጅ እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ከደንበኛው የተላከው ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ ሰርቨሩ ገና አልተገዛም፤ የድሮው ዳታ ከማን እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። በዚህ ዲስኩር አቅራቢ እምነት ከጀማሪ ማናጀሮች ውድቀት ሁሉ የሚበዛው ይኸኛው ነው። ከስንፍና ሳይሆን ከትጋት የሚመጣ በመሆኑም ቶሎ አይታወቅም።

ታዲያ ሥራዋ ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የሥራውን እውነተኛ ሁኔታ ማወቅ፣ ያንንም ሳይዘገይ ለሚወስነው ሰው ማድረስ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ሠንጠረዡም ስብሰባውም ሪፖርቱም፣ ለዚህ ማገልገያ ነው።

የሰኞን ስብሰባ እንመልከት። «የቁጠባው ክፍል ምን ደረሰ?» ትላለች። «ዘጠና በመቶ አልቋል» ይላል ፕሮግራመሩ። በሳምንቱ ስትጠይቅ ዘጠና በመቶ ነው። በሦስተኛው ሳምንትም ዘጠና በመቶ ነው። ልጁ አልዋሸም። ስክሪኑ ተሠርቷል፤ ቁልፎቹ ይሠራሉ፤ ለእሱ የቀረው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት የተባለው ግን ከባንክ ጋር ማገናኘቱ፣ በኤክሴል የተከማቸውን የአሥር ዓመት ሂሳብ ማስገባቱ፣ ደረሰኙ በማኅበሩ አሮጌ ፕሪንተር ላይ በትክክል እንዲወጣ ማድረጉ ነው። እነዚህን ገና ስላልነካቸው ስንት ቀን እንደሚፈጁ አያውቅም። ስለዚህ በመቶኛ መጠየቅ ከንቱ ነው። የሚሻለው «አሳየኝ» ማለት ነው፤ እሱ ራሱ በላፕቶፑ ላይ ሳይሆን የማኅበሩ ሠራተኛ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ስትሠራበት። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዩታ ግዛት በስኖውበርድ የተሰበሰቡት 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች አጃይል የሚባለውን አሠራር በጽሑፍ ሲያወጡ፣ ከሁሉ በላይ የሥራ መለኪያ ያደረጉት በተግባር የሚሠራ ሶፍትዌርን ነበር። ከዚያ ወዲህ በአጃይል ስም ብዙ ሥነ ሥርዓትና ብዙ ሰርተፊኬት መጥቷል፤ ይቺ አንዷ ነገር ግን ለጀማሪ ትበቃለች።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከሲስተሙ ፊት ሲቀመጡ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሙሉ ዕድሜያቸውን በመዝገብ የሠሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ አባል ለመመዝገብ ሞከሩ። ቅጹ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀጥሎም የቤተሰብ ስም ይላል። ከውጭ አገር የተወሰደ ቅጽ ነው። «የቤተሰብ ስም ማለት የአያት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ ሳያገኙ የአያቱን ጻፉ። ቀጥሎ ከአሮጌው መዝገብ ኃይለማርያም የሚባል አባል ፈለጉ፤ አልተገኘም። በዳታው ውስጥ በ«ሀ» ተጽፎ፣ ደግሞም «ሀይለ ማሪያም» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 በተባለው የፊደላት ኮድ ስታንዳርድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ አብዛኛው ኮምፒውተር ሀንም ሐንም ኀንም መጻፍ ይችላል፤ ሦስቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልግ ወይስ አይፈልግ የሚለውን ግን ፕሮጀክቱ ራሱ ነው መወሰን ያለበት። እዚህ ቢሮ ውስጥ የወሰነ አልነበረም። በመጨረሻ ደረሰኝ አወጡ። «ልጄ፣ እኔ የተቀበልኩት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ይሄ 14 ይላል። ነገ ሰውዬው ቢከራከረኝ ምን እለዋለሁ?» አሉት ፕሮግራመሩን። ከመነሳታቸው በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ጳጉሜንስ?» የአባላቱ ወርኃዊ ቁጠባ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነው፤ ለጳጉሜን ደመወዝ አይከፈልም። ሲስተሙ ግን ጳጉሜንን አሥራ ሦስተኛ ወር አድርጎ ቆጥሮ አባላቱን ሁሉ «ያልከፈሉ» ብሎ ሊመዘግባቸው ተዘጋጅቷል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቁጭታ ወጣ። አርባ ገጽ የፍላጎት ሰነድ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነበር፤ ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም። ሰነዱን ያዘጋጁት የማኅበሩ ኃላፊ ናቸው፤ ኃላፊው ደግሞ ደረሰኝ ቆርጠው አያውቁም። የማናጀሯ ተግባር ገንዘብ ያዧን በርክክብ ዋዜማ ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት ማስቀመጥ ነው።

ትንሽ የሚመስል የዳታ ጉዳይ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል አዲስ አበባ በደንብ ታውቃለች። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ በሶፍትዌር ወጣ፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግበው የጠበቁ ሰዎች በዝርዝሩ ላይ ስማቸውን አገኙ፤ በየቤቱ እልልታ ሆነ። ቀናት ሳይቆዩ የከተማው አስተዳደር መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች በዕጣው ዳታ ውስጥ ገብተው መገኘታቸውን ገልጾ ዕጣውን ሰረዘው። በሥራው የተሳተፉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ዕጣው በድጋሚ የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ማን ምን አጠፋ የሚለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ለፕሮጀክት ማናጀር የሚቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። የቆጣቢዎቹ ዝርዝር ከባንክ ይመጣል፣ ወደ ሲስተሙ ይገባል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣበታል። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች መካከል ቁጥሩ አንድ ዓይነት መሆኑን የሚያመሳክር፣ ከሠሪዎቹ ወገን ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ከዕጣው በፊት። ከባንኩ ስንት ስም ወጣ? ሲስተሙ ውስጥ ስንት ስም ገባ? ይህን ለመጠየቅ ኮድ ማወቅ አያሻም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በሁለቱም ወገን ማስፈረም ይበቃል። ለአንድ አነስተኛ ማኅበርም ቢሆን ይህ መደረግ አለበት፤ አባላቱ የሚያስቀምጡት ገንዘብ የላባቸው ውጤት ነውና።

ሌላው ከቅርብ ጊዜ የሚታወስ ክስተት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በፍጥነት ተዛመተ፤ ተማሪዎች በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ መሆኑ ተገለጸ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ያለአግባብ ወጥቷል። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ሳምንታት ደከመ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከማውጣት ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ባሉ ታላላቅ ባንኮችም የደረሰ ስለሆነ ለነቀፋ አይነሳም። ሆኖም በሥራ ላይ ያለን ሲስተም የሚነካ ማንኛውም ማናጀር ከዚያች ሌሊት ጥያቄዎችን መውሰድ ይችላል። ለውጡ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በምን መንገድ ነው? ያ መንገድ ተሞክሯል ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው? ሌሊቱን የሚከታተለው ማን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ «አቁሙት» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ስልኩን ያነሳል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ቴክኒካዊ አይመስልም። ጉዳት የሚሰፋው ግን ብዙውን ጊዜ አለቃ እስኪነቃ በሚጠበቅባቸው ሰዓታት ነው።

ወደ ቀን ጉዳይ እንመለስ፤ ጀማሪን ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳው ቀን ነውና። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በብዙ ድርጅት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተከፈለ በጀት ስለሚመለስ በሰኔ ሁሉም ርክክብ ይፈልጋል፤ በጥር የተፈረመ ውልም በሰኔ ያልቃል ተብሎ ይጻፋል፤ ሥራው ይመጥናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማናጀሯ ፕሮግራመሮቹን ስትጠይቅ እነሱም «ይደርሳል» ይሏታል። ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ ጠባይ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ የሰው ልጅ የራሱን ሥራ ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ እንዳለው በ1979 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ካህነማን ራሱ በእስራኤል የመማሪያ መጽሐፍ ከሚያዘጋጅ ቡድን ጋር ሲሠራ የቡድኑ አባላት ሥራው በሁለት ዓመት ገደማ ያልቃል ብለው ገመቱ። ከመካከላቸው ልምድ ያለው አንዱ ሌሎች ተመሳሳይ ቡድኖች ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ሲጠየቅ፣ አርባ በመቶ ያህሉ ጭራሽ እንዳልጨረሱ፣ የጨረሱትም ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ እንደፈጀባቸው ተናገረ። መጽሐፉ ያለቀው በስምንተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ጥሩው ጥያቄ «ይሄ ስንት ቀን ይፈጃል?» ሳይሆን «ባለፈው የሠራነው ይህን የሚመስል ሥራ ስንት ቀን ፈጀ?» የሚለው ነው። መልሱ በድሮ ኢሜይልና በድሮ የክፍያ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል፤ ፈልጎ ማውጣት ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ቀኑ እያለፈ ሲሄድ ደግሞ ኃላፊዎች «ሰው ጨምሩበት» ይላሉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ኩባንያ ኦኤስ/360 የተባለውን ሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ይህንኑ ሞክሮ ያየውን በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቷል። በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር ይበልጥ ይዘገያል የሚለው ሐሳቡ ዛሬም ድረስ በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አምስት ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር አሥር የግንኙነት መስመር አላቸው፤ አሥር ሲሆኑ መስመሩ አርባ አምስት ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምሩትም ሥራውን የሚያውቁት ናቸው፤ በሚያስተምሩበት ሰዓት ሥራው ይቆማል። ጠላ የጠመቀች እናት ይህ አይገርማትም፤ ጎረቤት ሁሉ ቢረባረብ ጋኑ ቶሎ ይታጠባል እንጂ ጌሾው የሚፈልገውን ቀን አያሳጥረውም። ሰው የሚጨመር ከሆነ ገና በጠዋቱ፣ በመጀመሪያው ወር ነው።

በግምቱ ላይ ደግሞ የአገሩን ሁኔታ መደመር ያስፈልጋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቶ ቆይቷል። ኮዳቸውን ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ያስቀመጡ ቡድኖች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ በቢሮ ውስጥ ቅጂ የነበራቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። የመብራት መጥፋት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የክላውድ ሒሳብ፣ ጾምና በዓል፣ ክረምት፣ ሁሉም በእቅዱ ውስጥ ቀን ሊኖራቸው ይገባል። በፋሲካ ሳምንት ርክክብ የያዘ ማናጀር የሚፈርምለት አያገኝም።

እንግዲህ እውነቱ ታወቀ እንበል። ሚያዝያ ላይ ማናጀሯ ሙሉው ሥራ በሰኔ እንደማይደርስ ገብቷታል። ከዚህ በኋላ ያለው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት ትንገር? በአሜሪካ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለው የጤና መድን መመዝገቢያ ጥቅምት 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው መጨረስ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥራው እንዳልደረሰ የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሚያውቁት ነገር ግን እስከ ወሳኞቹ ድረስ አልዘለቀም ወይም ተለሳልሶ ደረሰ። ሥራውን ያዳነው ቡድን ሲመጣ ካወጣቸው ደንቦች አንዱ በስብሰባ ላይ የሚናገረው በማዕረግ ከፍ ያለው ሳይሆን ጉዳዩን ይበልጥ የሚያውቀው እንዲሆን የሚያዝ ነው። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ገጹ አብዛኛውን ተጠቃሚ ማስተናገድ ጀመረ። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ይህ ደንብ ይበልጥ ያስፈልጋል። አለቃ በተቀመጠበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ ክፉ ወሬ ያመጣ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ይታያል። ስለዚህ ማናጀሯ ከስብሰባው በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለብቻ ቡና እየጠጣች መጠየቅ፣ እውነቱን የነገራትንም በሰው ፊት አለማጋለጥ ይኖርባታል።

ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስትሄድ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ ነው። «ጋሼ፣ በሰኔ 30 ሁሉንም አናደርስም። የቁጠባውንና የደረሰኙን ክፍል እናደርሳለን፤ አባላት በሐምሌ 1 ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የብድሩ ክፍል ለነሐሴ መጨረሻ ይሸጋገራል» አለቻቸው። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አሉ በቁጣ። ወረቀቱን አሳየቻቸው፤ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ፣ የብድሩ ሥራ የዘገየው የአሮጌው መዝገብ ዳታ በመጋቢት ስለመጣ እንደሆነ፣ የዚያንም ቀን ቃለ ጉባኤ። ቁጣቸው አልበረደም፤ ነገር ግን ሁለት ወር ከፊታቸው ስላለ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚነግሩትን ማስተካከል ቻሉ። ይኸው ወሬ ሰኔ 25 ቀን ቢነገራቸው ኖሮ ለማንም የሚጠቅም አይሆንም ነበር።

ቃለ ጉባኤ እዚህ ላይ የተነሳው በከንቱ አይደለም። «ይቺን ብቻ ጨምሩልን» የማይል ደንበኛ የለም። አንዷ ሪፖርት፣ አንዷ ኤስኤምኤስ፣ አንዷ ፎቶ፤ እያንዳንዷ ትንሽ ናት፤ ሲደመሩ ወር ይበላሉ። እምቢ ማለት ማናጀሯን አያምርባትም፤ እሺ ማለትም ሰኔን ያሳጣታል። የሚሻለው ጥያቄውን በዚያው ቀን በጽሑፍ መያዝ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መጻፍ፣ የትኛው ነገር በምትኩ እንደሚቀር ደንበኛው ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ከባዶ አለመጀመር ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚመዘገብበት አገራዊ ሥራ በተዘጋጀ መሠረት ላይ ከቆመ፣ የአንድ ማኅበር የሂሳብ ሲስተም የተጠቃሚ መግቢያ ገጹን እንኳ ራሴ ካልፈጠርኩ የሚልበት ምክንያት የለም።

የብድሩ ክፍል በነሐሴ መጨረሻ ደረሰ እንበል። ርክክቡ በፊርማና በምሳ አያልቅም። የሰርቨሩ የይለፍ ቃል በአንድ ፕሮግራመር ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ፣ እሱም በጥቅምት ወደ ውጭ ከሄደ ወይም ሌላ ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ከሰጠው፣ ማኅበሩ የገዛ ገንዘቡን ማየት ያቅተዋል። ስለዚህ ኮዱ፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ ገጽ በፖስታ ታሽጎ በማኅበሩ ካዝና ይገባል። ቅጂው በእርግጥ የሚመለስ መሆኑ በገንዘብ ያዧ ፊት፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል። የድጋፍ ጊዜው ደግሞ ገና ውሉ ሲፈረም ነው መወሰን ያለበት። ብዙ ውሎች ሦስት ወር ይሉና ያልፋሉ። ርክክቡ በነሐሴ መጨረሻ የተፈጸመ ሲስተም ጳጉሜንን የሚያየው የርክክቡ ግርግር ገና ሳይበርድ ነው፤ የበጀት መዝጊያውን የሚያየው ደግሞ ከአሥር ወር በኋላ፣ በሰኔ ነው። ማናጀሯ በሚቀጥለው ውል ላይ የድጋፍ ጊዜው አንድ ሙሉ የሂሳብ መዝጊያና አንድ ሙሉ ጳጉሜን እስኪያልፍ እንዲሆን፣ ክፍያውም በዚያው ልክ እንዲከፋፈል ማስጻፍ ይኖርባታል፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ገንዘብ ያዧ የዓመቱን ሂሳብ በሲስተሙ ዘግተው ከመዝገባቸው ጋር ሲያመሳክሩ ነው።